ለኮምፖስቷ እህታችን፦ ሳጥንሽ ውስጥ ስላገኘሻቸው «ትሎች»

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ትናንት ማታ ነው ያየሁት፤ መብራት ሄዶብኝ ዛሬ ልመልስ። ላላነበባችሁ፦ ጅማ ቆጪ የምትኖረው እህታችን የቀይ ትል ኮምፖስቷን (ቀይ ትሎች የምግብ ትርፍራፊ እየበሉ ማዳበሪያ የሚያደርጉበትን ሳጥን) ስትገለብጥ ሦስት እንግዶች አገኘች። አንዱ ነጭና ወፍራም ነው። አንዱ እግር የሌለው ግራጫ ነው። ሦስተኛው ሲነኩት የሚጠቀለል ጥቁር ነገር ነው። «ሁሉም ትል ናቸው? ልግደላቸው? ልጄስ ትል ነፍሳት ነው ወይ ሲለኝ ምን ልበለው?» ብላለች።

እኔ ባዮሎጂ አስተምር ነበር። አሁን ጅሬን መውጫ ላይ ጓሮዬ ውስጥ የቡና ችግኝ አፈላለሁ። ከአራቱ እውነተኛ ትል አንዱ ብቻ ነው፤ ቀዩ።

ግራ የሚያጋባን ቃሉ ራሱ ነው። ለስላሳ ሆኖ የሚሳብ ነገር ካየን ትል እንላለን። የጎመን ትል፣ ስጋ ላይ የሚወጣው ትል፣ የሆድ ትል፣ ቡና ፍሬ ውስጥ ያለው ትል። ቅርጹን ነው የምንጠራው እንጂ ዘሩን አይደለም። ለምሳሌ የቡና ፍሬውን የሚበላው የጥንዚዛ ልጅ ነው። እናቲቱ 2 ሚሊ ሜትር እንኳ አትሞላም። ፍሬውን ከጫፉ በስታ ትገባና ውስጥ ትፈለፍላለች። ደግሞ እኛን ብቻ አያሳማንም። ስዊድናዊው ሊኔየስ በ1758 (እ.ኤ.አ.) እንስሳትን ሲመድብ «ትላትል» የሚል አንድ ትልቅ ጆንያ ነበረው። ቀንድ አውጣውንም የባሕር ኮከቡንም እዚያው ውስጥ ነው የከተታቸው።

አሁን ከቀዮቹ አንዱን አንሺና ደረቅ ወረቀት ላይ አድርጊው። ጆሮሽን አስጠጊ። ሲሳብ ኮሽ ኮሽ ሲል ትሰሚያለሽ። ሰውነቱ በቀለበት የተከፋፈለ ነው። በዓይን የማይታዩ አጫጭር ፀጉሮች ከየቀለበቱ ወጥተው አፈሩን ይቆነጥጡለታል፤ ድምፁ የእነሱ ነው። እግር የለውም፣ ወደፊትም አያወጣም። ከእንቁላል ሲወጣም ትንሽ ትል ነው። ሳንባ ስለሌለው የሚተነፍሰው በእርጥብ ቆዳው ነው። ሳጥኑ ሲደርቅ የሚያልቁብሽ ታፍነው ነው ማለት ነው። ወገቡ አካባቢ ወፈር ያለ መቀነት ካየሽ ለመራባት ደርሷል። (ለሁለት ሲቆረጥ ሁለት ትል ይሆናል የሚባለውን እርሺው፤ ልጆች እሱን ለማየት ስንቱን ፈጅተዋል።)

ነጩ ሌላ ነው። ገልብጠሽ እዪው። ጭንቅላቱ ቡናማና ጠንካራ ነው፣ ሰውነቱ እንደ ማጭድ ይታጠፋል፣ ከጭንቅላቱ ስር ሦስት ጥንድ እግር አለው። እግሮቹ መገጣጠሚያ አላቸው። እዚህ ላይ ነው ወገን የሚለየው። አርትሮፖድ የሚለው ስም በግሪክኛ «ባለ መገጣጠሚያ እግር» ማለት ነው። ንብ፣ ሸረሪት፣ መዥገር፣ ጊንጥ፣ ሸርጣን ሁሉም የዚህ ወገን ናቸው። አጥንታቸው ውጭ ነው፣ እንደ ጋሻ። ጋሻው አብሮ ስለማያድግ እየገፈፉ ሌላ ያወጣሉ። ይሄ ነጩ የጥንዚዛ እጭ ነው፣ ገና ያላደገ ልጇ ማለት ነው።

እሱን ደግሞ በደንብ አውቀዋለሁ፤ አቃጥሎኛል። አንድ ዓመት ኮምፖስቴን ሳልነፋ እንዳለ መደብ ላይ በተንኩት። ችግኞቹ በደህና ቀን ጠወለጉ። በሽታ ነው ብዬ መድኃኒት ገዝቼ ረጨሁ። ምንም የለም። በመጨረሻ ተናድጄ አንዱን ስስበው እንደ ክብሪት እንጨት ብድግ አለ። ሥር የሚባል ነገር የለውም። መደቡን ስቆፍር ነጮቹ ተኮራምተው ተኝተዋል፣ ጠግበው። አንዳንዱ ዓይነት የበሰበሰ ብቻ ነው የሚበላው፣ ሌላው ግን ሥር ይበላል። እኔ ማን ምን እንደሚበላ ስመረምር አልውልም፤ ሁሉንም በወንፊት አወጣለሁ።

ግራጫው የዝንብ እጭ ነው። እግር የለውም፣ ግን አርትሮፖድ ነው። እግሩ የሚመጣው ሲያድግ ነዋ! ልጅሽ ማየት ካለበት ይህንን ነው። ሁለት ሦስቱን ከትንሽ ኮምፖስት ጋር ጠርሙስ ውስጥ ክተቺ፣ አፉን በሻሽ እሰሪ፣ ጥላ ውስጥ አስቀምጪ። መንቀሳቀስ ያቆማል፣ ይጠነክራል፣ ቀን ቆጥሮ ዝንብ ይወጣል። ሳጥኑ ውስጥ ከበዙብሽ እርጥበቱና የምግብ ትርፍራፊው በዝቷል ማለት ነው፤ ቀንሺ።

የሚጠቀለለውን ተይው፣ ሺ እግር ነው። የረገፈ ቅጠል ይበላል፣ ሰው አይናከስም። የሚያቃጥል ፈሳሽ የሚያወጣ ስላለ ብቻ ከነካሽው እጅሽን ታጠቢ። አብዛኛው ቀለበቱ ላይ ሁለት ሁለት ጥንድ እግር አለው። አንድ አንድ ጥንድ ካየሽ መቶ እግር ነው፤ እሱ ይናከሳል። ሺ ሲባልም ዝም ብሎ ነው። በእውነት ከሺ ያለፈው ይፋ የሆነው በ2021 (እ.ኤ.አ.) ነው፣ አውስትራሊያ ውስጥ የተገኘ፤ 1,306 እግር። መቶ እግር ደግሞ ልክ መቶ ሊኖረው አይችልም። የእግሩ ጥንድ ሁልጊዜ ጎዶሎ ቁጥር ነው፣ 50 ጥንድ የሚባል የለም።

አስተያየት ላይ «እነዚህ ትሎች በሰላጣ በኩል ሆዳችን ይገባሉ» ያላችሁ አላችሁ። አይገቡም። ወስፋት የሚይዘን በሰው ዓይነ ምድር የተበከለ አፈር ወይም አትክልት ላይ ያለውን የራሱን እንቁላል ስንውጥ ነው። አንዷ ሴት ወስፋት በቀን እስከ 200,000 እንቁላል ትጥላለች። ስለዚህ አትክልቱን እጠቡ፣ ሳጥኑን አትፍሩ። ኮሶም ከጥሬ የበሬ ስጋ ነው የሚመጣው። እሱ አፍም አንጀትም የለውም፤ የእኛን ምግብ በቆዳው ይመጥጣል።

ስለ ወስፋት አንድ የሚገርመኝ ነገር አለ። እንደ ጥንዚዛ እያደገ ሲሄድ ቆዳውን ይገፍፋል። በ1997 (እ.ኤ.አ.) ተመራማሪዎች የዘረ መል ንጽጽር ሠርተው ቆዳ ገፋፊዎቹን ሁሉ አንድ ትልቅ ወገን አደረጓቸው። የምድር ትል ከቀንድ አውጣ ጎራ ሆኖ ቀረ። ወስፋት ከሳጥንሽ ቀይ ትል ይልቅ ለንብ ይቀርባል ማለት ነው። ሊኔየስም ቀንድ አውጣን ከትል ጋር በመክተቱ ያን ያህል አልተሳሳተም።

ለልጁ «ሲያድግ መልኩ የሚለወጥ ከሆነ እጭ ነው፣ ትል ትል ሆኖ ይኖራል፤ ነፍሳት ደግሞ ሲያድጉ እግራቸው ስድስት ነው» በይው። ለክፍሉ ይበቃዋል።

ነጮቹን በእሳት አታቃጥዪ፣ መድኃኒትም አትርጪ፤ ቀዮቹ አብረው ያልቃሉ። ዶሮ ካለሽ ስጫት። የእኔዎቹ ወንፊት ሳነሳ ካዩ ከጓሮው ዳር እየሮጡ ነው የሚመጡት።