«አኦርታዬን ባክቴሪያ በልቶት ይሆን?» የሰሞኑ ጥያቄዎቻችሁ

ሰሞኑን ከጎንደር ማራኪ ሰፈር አንድ ወጣት ጻፈልኝ። አባቱ ለሽንት ችግር አልትራሳውንድ ሲነሱ «ሆድዎ ውስጥ ያለው ዋናው የደም ቧንቧ አብጧል፣ 4.2 ሴንቲሜትር ሆኗል» ተባሉ። የሰፈር መድኃኒት ሻጭ ደግሞ «ይሄማ ኢንፌክሽን ነው» ብሎ የ10 ቀን አንቲባዮቲክ ሸጠላቸው። ልጁ የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው፤ ባክቴሪያ አኦርታን ያሳብጣል ወይ? ጥያቄውን ባካፍላችሁ ሌላ ጥያቄ እየጎተተ መጣ። ከታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ መጀመሪያ ነገር አኦርታ የቱ ነው?

በግ ስታርዱ አይታችሁታል። ከልቡ አናት የሚነሳ ወፈር ያለ ነጭ ቱቦ አለ፤ ብዙ ጊዜ ለድመት ነው የሚወረወረው። ባለፈው ፋሲካ ቆርጬ አጠብኩትና በሁለት እጄ ሳብኩት። እንደ ላስቲክ ተለጠጠ፤ ስለቀው ተሰበሰበ። የኛም እንደዚያው ነው። ከልብ ተነስቶ እንደ ከዘራ እጀታ ይታጠፍና የጀርባ አጥንትን ተጠግቶ ይወርዳል። እምብርት አካባቢ ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል። ሆድ ውስጥ ስፋቱ 2 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። 3 ከደረሰ አኑሪዝም ይባላል። ግድግዳው ደክሞ እንደ ፊኛ መነፋት ጀምሯል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ባክቴሪያ እዚያ ድረስ ምን ያደርሰዋል?

ደም ነዋ። ግን ጤነኛ አኦርታ ላይ መለጠፍ ቀላል አይደለም። ውስጡ ልሙጥ ነው፤ ደሙም እየገፈተረ ያልፋል። ዕድሜና ሲጋራ ያሻከሩት፣ ስብ የጋገረበት ቧንቧ ሲሆን ግን ማረፊያ ይገኛል። ሳልሞኔላ የሚባለው ባክቴሪያ እንዲህ ያለ ቦታ ይመቸዋል። ቆዳ ላይ እባጭ የሚያወጣው ስታፊሎኮከስ ኦሪየስም ደም ውስጥ ከገባ ያው ነው። ቲቢ ደግሞ አንዳንዴ ከታመመ የጀርባ አጥንት ወይም ንፍፊት ተሻግሮ ይደርሳል። ዊልያም ኦስለር የተባለው ሐኪም በ1885 እብጠቱ እንጉዳይ መሰለውና «ማይኮቲክ» የሚል የፈንገስ ስም ሰጠው። ያ ስም እስካሁን ተማሪ ያሳስታል፤ ጥፋተኛው አብዛኛውን ጊዜ ባክቴሪያ ነውና።

ይሄኛው ሲይዝ ዝም አይልም። ትኩሳት አለ፣ ብርድ ብርድ ይላል፣ ጀርባን ወይም ሆድን የማይለቅ ሕመም አለ። ሕክምናውም ለሳምንታት በደም ስር የሚገባ አንቲባዮቲክ ነው፤ ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምናም ይጨመርበታል። የማራኪው አባት ትኩሳትም ሕመምም የላቸውም። በአጋጣሚ ነው የተገኘባቸው። ይህን ያዙልኝ።

ጥያቄ፦ አያቴ «ቂጥኝ ልብ ይበላል» ይሉ ነበር። ተረት ነው?

አያትሽ ልክ ናቸው። ያልታከመ ቂጥኝ ከ10 እስከ 30 ዓመት አድፍጦ ቆይቶ አኦርታን ሊመታ ይችላል፤ በተለይ ከልብ እንደወጣ ያለውን ክፍል። የአኦርታ ግድግዳ ወፍራም ስለሆነ ራሱ የሚመገብባቸው ቀጫጭን ደም ስሮች አሉት። ባክቴሪያው እነሱን ያስቆጣቸዋል። ይጠባሉ፣ ግድግዳው ይራባል፣ ጠባሳ ይሆናል። ተማሪ ሳለሁ በፎርማሊን ማሰሮ ውስጥ አንድ አይቻለሁ። ልሙጥ መሆን የነበረበት ውስጡ ግቢ ውስጥ እንዳለ አሮጌ ጽድ ቅርፊት ተሸብሽቦ ነበር። አሁን ፔኒሲሊን ስላለ እዚያ ድረስ የሚደርስ ሰው ጥቂት ነው።

ጥያቄ (አንዲት እናት ከአዘዞ)፦ የልጅ ልጄ ልቧን ታማ በየወሩ መርፌ ትወጋለች። ባክቴሪያው ልቧ ውስጥ ነው እንዴ?

አይደለም እትዬ። ባክቴሪያው ጉሮሮዋ ላይ ነበር፤ ስትሬፕቶኮከስ ይባላል። ሰውነቷ እሱን ለመምታት ያሰለፈው መከላከያ ተሳስቶ የራሷን የልብ በሮች መታ። አኦርታ ከልብ የሚነሳበት በርም ከሚጎዱት አንዱ ነው። መርፌው የጉሮሮው ኢንፌክሽን ተመልሶ እንዳይመጣ ነው፤ «አሁንማ ደህና ሆናለች» ብለው እንዳያስቀሩባት። እንጥል ማስቆረጥም ከዚህ አያድናትም። ባልጸዳ ምላጭ ባክቴሪያን ወደ ደም መጥራት ነው፤ የተጎዳ የልብ በር ላይ ደግሞ ባክቴሪያ መስፈር ይወዳል።

ጥያቄ፦ የተለመደው የሆድ አኑሪዝምስ? እሱም ባክቴሪያ ነው የሚሉ ፈረንጆች አንብቤያለሁ።

ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። ሰዎቹ የተነሱት ከባዶ አይደለም። የጨጓራ ቁስለት «ከጭንቀት ነው» ይባል ነበር። ባሪ ማርሻል የተባለው የአውስትራሊያ ሐኪም በ1984 የጨጓራውን ባክቴሪያ በጥብጦ ጠጥቶ ራሱን አሳመመና ነገሩን ገለበጠው፤ በ2005 ከባልደረባው ከሮቢን ዋረን ጋር ኖቤል ተሸለመ። ታዲያ ጨጓራ እንዲህ ከሆነ ደም ቧንቧስ? በ1988 የፊንላንድ ተመራማሪዎች የልብ ሕመምተኞች ደም ውስጥ ክላሚዲያ ኒሞኒዬ የሚባለውን ባክቴሪያ የሚዋጋ አንቲቦዲ በብዛት አገኙ። (በግብረ ሥጋ የሚተላለፈው ክላሚዲያ አይደለም፤ የሳንባ ምች የሚያመጣው ዘመዱ ነው።) ቆይቶ ባክቴሪያው በስብ የተጋገረ ቧንቧና አኑሪዝም ግድግዳ ውስጥም ታየ። ከድድ የሚመጣም ተገኘ።

ግን በቅሎ ሞታ ጅብ ሲበላት ብታዩ፣ ጅቡ ገደላት ወይስ ሞታ አገኛት? መለያው መድኃኒቱን መሞከር ነው። ተሞከረም። ከ4,000 በላይ የልብ ሕመምተኞች በተሳተፉበት ጥናት አዚትሮማይሲን በየሳምንቱ ለ1 ዓመት ተሰጠ፤ ልባቸውን አልጠበቀላቸውም። ለትንንሽ አኑሪዝም ደግሞ ዶክሲሳይክሊን ተሞከረ። እሱ ባክቴሪያ ከመግደሉ ሌላ ግድግዳውን የሚያፈርሱትን ኢንዛይሞችም ይገታል ተብሎ ነበር። በ2013 የወጣው የሆላንድ ጥናት ላይ መድኃኒቱን የወሰዱት እብጠታቸው እንዲያውም ትንሽ ፈጠን ብሎ አደገ። በ2020 የወጣው የአሜሪካ ጥናት 2 ዓመት ሙሉ ጠዋትና ማታ ሰጥቶ ለውጥ አላገኘም። ለእኔ ጅቡ ሞታ ነው ያገኛት። ምናልባት ጥቂት አባብሶ ይሆናል። ገዳዮቹ ግን ሲጋራ፣ ዕድሜ፣ የደም ግፊትና የዘር ነገር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጥሬ ወተትስ?

አፍልታችሁ ጠጡ። በጥሬ ወተት የሚመጣው ብሩሴላ የሚባል ባክቴሪያ አልፎ አልፎ አኦርታ ላይ ይደርሳል።

ጥያቄ፦ አንቲባዮቲኩ ባይጠቅምም ምን ይጎዳል?

የማራኪውን ልጅ «የመድኃኒቱን ፎቶ ላክልኝ» አልኩት። ሲፕሮ ነው! በ2018 ማብቂያ የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ ያስጠነቀቀው በዚሁ ቤተሰብ ላይ ነው። ሲፕሮፍሎክሳሲንና ወንድሞቹ አኦርታ የመሰንጠቅና የመፈንዳት አደጋን ሊጨምሩ ይችላሉ። አኑሪዝም ያለበት ሰው ሌላ አማራጭ ካልጠፋ በቀር እንዳይወስድ ይመከራል። እኛ ጋ ደግሞ ሲፕሮ እንደ ማስቲካ ነው የሚሸጠው።

ጥያቄ (የማራኪው ልጅ)፦ እና አሁን ምን ላድርግ?

አባትህ ሲፕሮውን እንዲወስዱ ያዘዘ ሐኪም የለም። ስለዚህ ያቁሙትና የአልትራሳውንዱን ውጤት ይዘህ የውስጥ ደዌ ሐኪም ጋ ውሰዳቸው። ሲጋራ ካለ ዛሬውኑ ይቁም። ግፊታቸው ይለካ። 4.2 አብዛኛውን ጊዜ በየጊዜው እየተለካ የሚጠበቅ ነው፤ ለወንድ ቀዶ ሕክምና የሚታሰበው 5.5 አካባቢ ሲደርስ ወይም ቶሎ ቶሎ ሲያድግ ነው። ድንገት ሆዳቸውን ወይም ጀርባቸውን ክፉኛ ካመማቸው ግን እስኪነጋ አትጠብቅ።

ጥያቄ (ራሱ)፦ ጠበል ልሂድ እያሉ ነው።

ይሂዱ። የግፊት ኪኒን ከታዘዘላቸው ግን ከነሱ ጋር ይሂድ፤ በጠበሉ ቢያወራርዱት የሚከለክላቸው የለም።