የአንባቢያን ጥያቄ፦ ዓሣው ለምን አይጨፈለቅም?

ጥያቄ፦ ክቡር አዘጋጅ፣ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ ሰው የማመላልስ የጀልባ ዘዋሪ ነኝ። በቅርቡ አንድ መንገደኛ በውቅያኖስ ውስጥ 11 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚጠልቅ ቦታ እንዳለ፣ እዚያም የሚኖሩ እንስሳት እንዳሉ አጫወተኝ። እኔ ጣና ውስጥ ሦስት አራት ሜትር ስጠልቅ ጆሮዬን ይወጋኛል። የእነዚያ እንስሳት ሥጋ ሳይጨፈለቅ እንዴት ይቀራል? ሰውስ እዚያ ደርሷል የሚባለው እውነት ነው? (ከሽምብጥ)

መልስ፦ የጥያቄዎ ግማሽ መልስ ጆሮዎ ውስጥ አለ። ስትጠልቁ የሚወጋችሁ ከጆሮ ታምቡር ጀርባ አየር የያዘ ክፍተት በመኖሩ ነው እንጂ ሥጋና አጥንት ለዚህ ያህል ጥልቀት ደንታ የላቸውም። ነገሩን ከጀልባዎ ላይ ሆነው ሊሞክሩት ይችላሉ። ባዶ ሃይላንድ ክዳኑን አጥብቀው ይዝጉና ድንጋይ አስረው በገመድ ያውርዱት፤ ስምንት ሜትር ያህል ሲደርስ በውስጡ ያለው አየር ወደ ግማሽ ገደማ ስለሚታመቅ ጎንና ጎኑ ይጣበቃል። ሁለተኛውን ሃይላንድ ግን አፉ ድረስ ውሃ ሞልተው ቢያወርዱት እንደ ወረደ ይወጣል። ውሃ በቀላሉ የሚታመቅ ነገር አይደለምና በውጭ ያለው ግፊት በውስጥ ካለው ጋር እኩል ሆኖ ይቆማል።

የጥልቁ ባሕር እንስሳት ይህን ሁለተኛውን ሃይላንድ ይመስላሉ። ቀረሶ ሲያፀዱ ከአከርካሪው ሥር የሚያገኙት ነጣ ያለ፣ ፊኛ የሚመስል የአየር ከረጢት ለጣና ዓሣ መንሳፈፊያ ነው፤ በጣም ጥልቅ በሆነው ባሕር የሚኖሩት ዓሦች ግን ይህ ከረጢት የላቸውም። ግፊቱ እንደዚያም ሆኖ ቀላል አይደለም። በውሃ ውስጥ በየ10 ሜትሩ ግፊቱ በባሕር ወለል ላይ ያለውን የአየር ግፊት ያህል ይጨምራል፤ ጣና በጣም በሚጠልቅበት ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ልዩነቱን በጆሮ እንጂ በሌላ አናውቀውም። በምዕራብ ፓስፊክ በሚገኘው ማሪያና የተባለ የባሕር ውስጥ ገደል ወለል ላይ ግን የትንሿ ጣት ጥፍር በምታህል ስፋት ላይ 11 ኩንታል ገደማ ክብደት ያርፋል። እንዲህ ያለው ግፊት አየር ባይኖርም የሰውነትን ፕሮቲኖች ቅርጽ ያዛባል። ጥልቅ የሚኖሩ ዓሦች ይህን የሚከላከሉት በሴሎቻቸው ውስጥ በሚያከማቹት ትራይሜቲላሚን ኦክሳይድ በተባለ ንጥረ ነገር ነው፤ ጥልቀቱ በጨመረ ቁጥር የሚያከማቹት መጠንም ይጨምራል። የባሕር ዓሣ ከሞተ በኋላ የሚያወጣው የታወቀ ሽታ የሚመጣው ይኸው ንጥረ ነገር ሲፈርስ ነው። ሆኖም ክምችቱ ልክ አለው፤ እስካሁን በካሜራ የታየው ጥልቁ ዓሣ እ.ኤ.አ. በ2022 ከጃፓን ወዲያ በ8,336 ሜትር የተቀረጸ ሲሆን፣ ከዚያ በታች ሽሪምፕ መሳይ ትናንሽ እንስሳትና መሰሎቻቸው ናቸው የሚገኙት። እኔ እንደማምነው “አስቸጋሪ አካባቢ” የሚለው ስያሜ አየር ተሸክመን የምንዞረው የእኛ ስያሜ ነው፤ ለእነርሱ አስቸጋሪው ወደ እኛ መውጣት ነው።

ሰውም ደርሷል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 23 ቀን 1960 ስዊዘርላንዳዊው ዣክ ፒካርና የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንኑ ዶን ዋልሽ ትሪዬስቴ በተባለች ጠላቂ መርከብ አምስት ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ ወርደው ወለሉ ላይ 20 ደቂቃ ያህል ቆዩ። የተቀመጡት ግድግዳዋ 12.7 ሳንቲ ሜትር በሚወፍር የብረት ኳስ ውስጥ ነበር። ከኳሷ በላይ ያለው ግዙፍ ተንሳፋፊ የተሞላው ደግሞ በአየር ሳይሆን በቤንዚን ነው፤ ቤንዚን ከውሃ ስለሚቀል ያንሳፍፋል፣ ፈሳሽ በመሆኑም እንደ አየር አይታመቅም። የሃይላንዱን ነገር እነርሱም ያውቁት ነበር ማለት ነው። በመንገድ ላይ የመግቢያው መስኮት ሲሰነጠቅ ከባድ ድምፅ ቢሰሙም ጉዟቸውን አላቋረጡም፤ እኔ ብሆን እመለስ ነበር። ቀጥሎ እዚያ የደረሰው ሰው እ.ኤ.አ. በ2012 ብቻውን የወረደው የፊልም ዳይሬክተሩ ጄምስ ካሜሩን ነው። ጨረቃ ላይ የተራመዱት 12 ሰዎች እዚያ ከወረዱት ይበልጣሉ የሚባለው ወሬ ግን እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ጉዞው በመደጋገሙ ጊዜው አልፎበታል።

ጥያቄ፦ የሳይንስ መምህር ነኝ። ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ብዬ አስተምራለሁ፤ ባሕር ዳር ላይ ሲለካ ግን 94 አካባቢ ይሆናል። በሌላ በኩል በውቅያኖስ ወለል ላይ ከ350 ዲግሪ በላይ ሞቆ ሳይፈላ የሚወጣ ውሃ እንዳለ አንብቤአለሁ። ሁለቱን ለተማሪ እንዴት ላስታርቃቸው? ፀሐይ በማይደርስበትስ ምን ይበላል? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ማስታረቅ አያስፈልግም፣ ምክንያታቸው አንድ ነው። ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብለን ስለምንኖር በላያችን ያለው አየር ሳስቷል፤ ውሃው በቶሎ ይፈላል፣ ሽምብራውም ለመብሰል ይዘገያል። ክዳኑ ተጠምዞ የሚዘጋው የእንፋሎት ድስት ግፊቱን ከፍ አድርጎ ይህን ያካክሳል። በ2,500 ሜትር ጥልቀት ውቅያኖሱ ራሱ 250 እጥፍ የአየር ግፊት የሚጭን ክዳን ነው።

እነዚህ ፍል ውሃዎች የታወቁት እ.ኤ.አ. በ1977 በጋላፓጎስ ደሴቶች አቅራቢያ አልቪን በተባለች ጠላቂ መርከብ ነው። ጉዞው የሥነ ምድር ተመራማሪዎች ስለነበር ሕይወት ይገኛል ብሎ የተዘጋጀ አልነበረም፤ ያገኟቸውን እንስሳት አንዳንዶቹን በቮድካ ዘፍዝፈው ለማቆየት ተገደዋል። ያመጡት ውሃ ሲከፈት የበሰበሰ እንቁላል ሸተተ፤ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነበር። የምግቡ ምንጭም እሱ ነው። እስከ ሁለት ሜትር የሚረዝሙት የቱቦ ትሎች አፍም አንጀትም የላቸውም፤ በቀይ ላባ መሳይ አካላቸው ይህን ጋዝና ኦክስጅንን ከውሃው ይስባሉ፣ በሰውነታቸው ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ደግሞ ከዚያ በሚያገኙት ኃይል ምግብ ይሠሩላቸዋል። ለተማሪዎችዎ ግን አንድ ነገር ይጨምሩ፦ ኦክስጅኑ በላይ በፀሐይ ብርሃን የተሠራ በመሆኑ ትሎቹ ከፀሐይ ጨርሰው አልተላቀቁም።

ጥያቄ፦ ባሕር የሌለን ሰዎች እንዲህ ያለውን የት እናያለን? (ተማሪ፣ ከዘንዘልማ)

መልስ፦ እንስሳቱን አታይም፤ የውቅያኖስ ወለል የሚፈጠርበትን ስንጥቅ ግን አፋር ውስጥ በእግርህ ልትረግጠው ትችላለህ። መሬት የምትለያይበት፣ ቅልጥ ዓለት የሚወጣበት መስመር በብዙው ዓለም ከባሕር ሥር ሲሆን በአፋር ደረቅ መሬት ላይ ነው። ቀይ ባሕር ቀድሞ ወደዚያ ገብቶ ነበር፤ ሲደርቅ ትቶት የሄደው ጨው አሞሌ ሆኖ ተጠርቦ በግመል ወደ ደጋው ሲወጣ ኖሯል።