ጎሉ ሳይታይ ጩኸቱ ሲቀድም

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። እኔና ጓደኞቼ እዚህ ድሬ ኳስ በላይቭ የሚያሳይ አፕ እየሰራን ነው፣ ዲዛይኑ የኔ ድርሻ ነው። ሰፈር ውስጥ ስናስሞክረው ሁሉም አንድ ነገር ነው የሚሉን፣ ዲኤስቲቪ ቤቱ ጎል ብሎ ሲጮህ የኛ ስክሪን ላይ ኳሱ ገና መሀል ሜዳ ነው፣ ይባስ ብሎ የራሳችን አፕ ላይ ምስሉ ሳይደርስ ውጤቱ 1 ለ 0 ብሎ ይቀየራል። ጓደኞቼ ቻት፣ ስታቲስቲክስ፣ ብዙ ካሜራ እንጨምር ይላሉ፣ እኔ ልቤ አልተቀበለውም። ከየት ልጀምር?
ሰ. ከከዚራ

መልስ፦ ልብሽ ያልተቀበለው በምክንያት ነው እህቴ። መጀመሪያ ውጤቱን አስተካክዪ፣ ሌላው ሁሉ ይደርሳል።

መዘግየቱ ከየት መጣ ካልሽ፣ ቪዲዮው በትንንሽ ቁራጭ ተቆራርጦ ነው የሚላከው። ኤችኤልኤስ በሚባለው አሰራር አፕል የሚመክረው ለአንድ ቁራጭ 6 ሰከንድ ነው፣ ማጫወቻው ደግሞ ኔት ቢንገዳገድ እንዳይቋረጥ ብሎ ብዙ ጊዜ ወደ 3 ቁራጭ ያህል ኋላ ሆኖ ይጀምራል፣ በቃ ሌላው ሳይቆጠር 18 ሰከንድ ሄደ። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ይህን የሚያሳጥር አሰራር አለ፣ ግን ያቺን መጠባበቂያ በቀነስሽ ቁጥር ደካማ ኔት ላይ ምስሉ ቶሎ ቶሎ ይቆማል፣ እኔን ከጠየቅሽኝ ዘግይቶ ሳይቆራረጥ የሚሄደውን እመርጣለሁ።

የጎረቤቱን ጩኸት ማስቆም አትችዪም፣ የራስሽ አፕ ግን ጎሉን ቀድሞ መናገር የለበትም። ውጤቱ ከሰርቨር ወዲያው ይደርሳል ምስሉ ግን ኋላ ነው፣ ስለዚህ ስትሪሙ ላይ የሰዓት ምልክት አስገብታችሁ፣ ጎሉ የገባበትን ሰዓት ይዛችሁ፣ ተመልካቹ ያለበት ምስል እዚያ ሰዓት ሲደርስ ብቻ ቁጥሩ ይቀየር። ለሁሉም ሰው እኩል 20 ሰከንድ ብላችሁ ብታዘገዩ አይሰራም፣ አጠገብ ለአጠገብ የተቀመጡ ሁለት ስልኮች እንኳን እኩል አይሄዱም፣ አንዱ ስልክ ተደውሎለት አቁሞ ከተመለሰ ደግሞ ውጤቱም አብሮት መጠበቅ አለበት። ቻትም ያው ነው አቦ፣ ቀድሞ ያየው ሰው ጎል ብሎ ሲጽፍ ለኋለኛው አበቃለት፣ ስለዚህ ቻቱ ይሄ ሳይስተካከል አይግባ። ጨዋታውን እያየ ላለ ሰው የጎል ኖቲፊኬሽን አትላኩ፣ ማታ ሪፕሌይ አያለሁ ላለው ደግሞ ውጤት ደብቅ የሚል ቁልፍ መጀመሪያው ገጽ ላይ አስቀምጪለት፣ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ የሚፈልገው የለም።

ላይቭ የሚለው ቀይ ምልክትም ሰውየው እውነት ላይቭ ላይ ሲሆን ብቻ ይብራ። ኋላ ከቀረ 40 ሰከንድ ኋላ ነህ ይበለው፣ ሲነካው ወደ ላይቭ ይውሰደው።

ከዚያ ዳታ። በሰከንድ 1.5 ሜጋቢት የሚሄድ ምስል በ90 ደቂቃ ወደ 1 ጊጋባይት ይበላል፣ በ300 ኪሎቢት ግን 200 ሜጋባይት አካባቢ ነው፣ ድምፅ ብቻ በ32 ኪሎቢት ከሆነ 22 ሜጋባይት አይሞላም። ሰዉ ጥቅል ቆጥሮ ነው የሚገዛው፣ ስለዚህ ጥራት የሚመርጥበት ቦታ ላይ 480፣ 720 ከማለት እስከ ጨዋታው ማብቂያ ስንት ሜጋ እንደሚፈጅ ጻፉለት፣ ድምፅ ብቻ የሚለውም ከምስሉ ስር በግልጽ ይታይ፣ ሱቅ እየሰራ የሚያዳምጥ ብዙ ሰው አለ።

ሰዓቱን በኛ አቆጣጠር አድርጉት። ቅዳሜ እንግሊዝ ውስጥ ከቀኑ 9 ሰዓት የሚጀመር ጨዋታ በኛ በበጋቸው 11 ሰዓት በክረምታቸው 12 ሰዓት ነው፣ እነሱ በጥቅምትና በመጋቢት ሰዓት ይቀይራሉ እኛ አንቀይርም፣ ይሄን አፑ ራሱ ያስላ እንጂ ተመልካቹ እየደመረ እየቀነሰ አይቸገር።

ከጓደኞችሽ ሀሳብ ይልቅ እኔ የምጨምረው የኮሜንታሪ ቋንቋ ነው። አንድ ምስል ላይ የተለያየ ድምፅ ማያያዝ ይቻላል፣ ብርቱካናማዎቹ፣ ማለትም ድሬዳዋ ከተማ፣ ሲጫወቱ ድሬ ውስጥ አንዱ በአማርኛ ሌላው በኦሮምኛ ሌላው በሶማሊኛ ነው ማዳመጥ የሚፈልገው። ምርጫውም አንዴ ከተነካ በኋላ ይቀመጥለት፣ በየጨዋታው እንደገና አትጠይቁት።