ዜማ አውጪ ለመሆን ለምትነሡ ልጆቼ

ሰሞኑን እዚህ ጎንደር ደስ የሚል ነገር አያለሁ። ወጣቶች ተሰባስባችሁ አረጋውያንን ትጠይቃላችሁ፤ አካል ጉዳተኞች ወዳሉበት ትሄዳላችሁ። ቡና ይፈላል፣ ሞንታርቦ ይተከላል፣ ዘፈን ይከፈታል። ተባረኩ። ግን ልብ ብላችሁ እዩት፤ ብዙ ጊዜ የምትዘፍኑት እናንተ ናችሁ። የመጣችሁላቸው ሰዎች ቁጭ ብለው ያያሉ።

እኔ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በነርስነት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከስትሮክና ከአደጋ በኋላ በማገገም ላይ ካሉ ሰዎች ጋር ነበርኩ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም አብሮ ማዜሙን አልተውኩትም። የምነግራችሁ አንድ ዋና ነገር ነው፤ አውጪ ማለት ለሌላው ቦታ የሚለቅ ሰው ነው። ጥሩ ድምፅ ቢኖራችሁ መልካም፣ ባይኖራችሁም አትጨነቁ።

ቦታ መልቀቅ የሚጀምረው ከዘፈኑ ምርጫ ነው። የእኛ ባህል በአውጪና በተቀባይ የተሠራ መሆኑ ትልቅ ዕድል ነው። በእንቁጣጣሽ ልጃገረዶች አበባየሆሽ ሲሉ ተቀባዮቹ የሚጠበቅባቸው «ለምለም» ማለት ብቻ ነው። በቡሄ ሆያ ሆዬ ደግሞ «ሆ» ካሉ በቂ ነው። ረጅም ግጥም መያዝ የማይችል ሰው አንዲት ቃል ይዞ ሙሉ ዘፈኑ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ አዝማቹ አጭር የሆነውን ምረጡ። አዝማቹ ላይ ስትደርሱ ደግሞ ድምፃችሁን ቀንሱና ጠብቁ። መልሱ ቶሎ ካልመጣ አትደንግጡ። አንዳንድ ሰው ቃሉን አእምሮው ውስጥ ፈልጎ አፉ ላይ እስኪያደርሰው ጊዜ ይወስድበታል። እናንተ ቸኩላችሁ ከሞላችሁለት ግን ተራው አለፈው ማለት ነው።

ስለ ስትሮክ ትንሽ ልዘርዝር፤ ብዙ ወጣት አይቶ የሚገረምበት ነገር ስለሆነ። በአብዛኛው ሰው ንግግርን በዋናነት የሚመራው የግራው የአንጎል ክፍል ነው። ያ ክፍል ሲጎዳ ሰውየው ውኃ እንኳ አምጡልኝ ማለት ሊያቅተው ይችላል። ይኸው ሰው በልጅነቱ የሚያውቀውን ዘፈን ስታወጡለት ቃላቱን ጥርት አድርጎ ሊያዜም ይችላል። ዜማና በቃል የተያዘ ግጥም በሌላ የአንጎል መንገድም ስለሚመጡ ነው ተብሎ ይታሰባል። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1973 በአሜሪካ ቦስተን ሦስት ሐኪሞችና ባለሙያዎች በዚህ ላይ የተመሠረተ የንግግር ሕክምና ይፋ አድርገዋል። አጫጭር ዐረፍተ ነገሮችን በዜማ እያሉ፣ በግራ እጅ ለእያንዳንዱ ክፍለ ቃል መታ ማድረግ ነው። እናንተ ሐኪም አይደላችሁምና ለቤተሰቡ «ንግግሩ ሊመለስ ነው» ብላችሁ ተስፋ አትስጡ። አብሯችሁ ሲያዜም ግን የሚሰማው ክብር እውነተኛ ነው። ወር ሙሉ ድምፁን ሰምታ የማታውቅ ሚስት አጠገቡ ተቀምጣ ስትሰማው አይቻለሁና።

ከፍታው ላይ ተጠንቀቁ። ዘፋኙ በቀጭን ድምፅ ያወጣውን እናንተም በዚያው ከጀመራችሁ ግማሹ ሰው ከሁለተኛው ስንኝ በኋላ ዝም ይላል። ሴቶች ዕድሜያቸው ሲገፋ ድምፃቸው ወደ ታች ይወርዳል። ወፈር አድርጋችሁ ጀምሩ። ፍጥነቱንም ቀንሱት። ትንፋሽ ለሚያጥራቸው ስንኙን ከፋፍላችሁ አውጡ። ወረቀት ማደል አልወድም። ማንበብ የማይችል አለ፣ መነጽር የረሳ አለ፣ ዓይነ ስውር አለ። የሚቀጥለውን ስንኝ ቀደም ብላችሁ በቃል ንገሯቸው። የአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ዜማን በቃል የሚያስተምሩት ስንት ዘመን ሆናቸው! ዓይነ ስውራን ሊቃውንት የወጡትም ከዚያው ነው።

የዘፈኑን ዘመን ደግሞ አስሉ። ዛሬ 80 ዓመት የሆናቸው እናት የ20 ዓመት ወጣት የነበሩት በ1950ዎቹ ማብቂያ ነው። የክብር ዘበኛና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች የገነኑበት ዘመን ማለት ነው። የመርሳት በሽታ የያዛቸው ሰዎች የዛሬ ጠዋቱን ቁርስ ረስተው የወጣትነታቸውን ዘፈን ከነስንኙ ሊያወጡት ይችላሉ። እናንተ «የድሮ» የምትሉት የእናቶቻችሁ ዘፈን ግን ለእነሱ አዲስ ነው። ገምታችሁ ከምትሄዱ ልጆቻቸውን ጠይቁ።

አሁን የእኛን ከተማ ጥበብ ልንገራችሁ። አዝማሪ ቤት የገባ ሰው ያውቀዋል። አንዱ ታዳሚ «ተቀበል!» ይልና ስንኝ ይሰጣል። አዝማሪውም ማሲንቆውን እየገዘገዘ ያንኑ በዜማ ያወጣዋል። ታዳሚው ድምፅ የለውም፣ ግጥሙ ግን ቤቱን ይሞላዋል። ይህን ወደ ስብሰባችሁ አምጡት። ድምፃቸው የደከመ አባት ጆሯችሁ ላይ ሁለት መስመር ሹክ ይበሉ፣ እናንተ ጮክ ብላችሁ አውጡት፣ ሕዝቡ ይቀበል። መናገር የማይችል ሰው ከተሰጡት ሁለት ዘፈኖች አንዱን በጣቱ ያሳይ። ጥሩም ይሁን ደካማ፣ የሰጧችሁን ስንኝ አታቃኑት። እንደሰጧችሁ አውጡት።

እስክስታ የትከሻ ጨዋታ መሆኑንም አትርሱ። ዊልቸር ላይ ያለ ሰው ሙሉ በሙሉ ይጨፍራል። ስለዚህ ዊልቸሩን ጥግ ላይ አታቁሙት፤ ግማሽ ክብ ሠርታችሁ መሀል ረድፍ ውስጥ አስገቡት። እናንተም ቁጭ በሉ፣ ፊታችሁ ይታይ። አንድ እጁ የማይታዘዝ ሰው በሌላው ጭኑን መታ መታ ያድርግ። አደራ፣ የሰለለ እጅ ይዛችሁ ለማስጨፈር አትጎትቱ። የዚያ ወገን ትከሻ ጡንቻው ስለላላ በቀላሉ ይጎዳል፤ ሕመሙም ለወራት አይለቅም።

መስማት የተሳናቸው ሰዎች ካሉ ከበሮውን አጠገባቸው አድርጉ። እጃቸውን አካሉ ላይ ያሳርፉ፣ ምቱን በንዝረቱ ይይዙታል። ስኮትላንዳዊቷ ኢቭሊን ግሌኒ በ12 ዓመቷ የመስማት ችሎታዋን በአብዛኛው ብታጣም ጫማዋን አውልቃ ንዝረቱን በእግሯ እየተቀበለች ታዋቂ የምት መሣሪያ ተጫዋች ሆናለች። ግጥሙን በምልክት ቋንቋ የሚያስተላልፍ ሰው ካገኛችሁ ደግሞ ከፊት አቁሙት፣ ሌላውም ምልክቱን ይማራል። ኦቲዝም ላለበት ልጅ ግን ያው ከበሮ ሊያስጨንቀው ይችላል። በር አጠገብ አስቀምጡት፣ ሲፈልግ ይውጣ፣ ሲፈልግ ይመለስ። ሞንታርቦውን እቤት ትታችሁ ብትመጡ ይሻላል። በክረምት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው በዚያ ላይ መጮህ አያዋጣም፤ እስኪያባራ ተጨዋወቱ።

አንድ የምቆጣበት ነገር አለ። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበትን የ40 ዓመት ሰው የሕፃናት መዝሙር እያስዘፈኑ «ጎበዝ! ጎበዝ!» ማለት። ይህ ሰው ትልቅ ሰው ነው። የእኩዮቹን ዘፈን ስጡት። ለትልልቆቹም «አንቱ» ማለት አትርሱ፤ ስማቸውን አንድ በአንድ ጠይቃችሁ ያዙ።

ቀረርቶና ፉከራ ላይ አስተዋይ ሁኑ። ጎንደር ይወደዋል፣ እኔም እወደዋለሁ። ነገር ግን ልጇን ያጣች እናት መሀላችሁ ተቀምጣ ሊሆን ይችላል። ትዝታም እንዲሁ ያስለቅሳል። የሚያለቅስ ሰው ካለ ዘፈኑን አታቋርጡ፣ አንዳችሁ ብቻ አጠገቡ ቁጭ በሉ። ማልቀስ የሚፈልግ ሰው ማልቀስ ይፈቀድለት።

በሁዳዴ ብዙ ክርስቲያን አረጋውያን ዘፈን አይሉም፤ በረመዳንም ለሙስሊሞቹ አስቡ። አስገድዳችሁ አታስዘፍኑ፣ ስብሰባውንም አትሰርዙ። የእምነት ዜማም ሁሉም የማይጋራው ከሆነ እንቆቅልሽ ጀምሩ። «እንቆቅልሽ» ስትሉ «ምን አውቅልሽ» የማይል የለም። እሱም ያው አውጪና ተቀባይ ነው። ካላወቁት አገር መስጠት አለና ጨዋታው ይሟሟቃል። ያን ጊዜ ከእናንተ የሚበልጥ እንቆቅልሽ የሚያውቅ ሰው ይነሣል፣ አውጪነቱን ይረከባችኋል። ስጡት።