ድርሻው የእናንተ ነው፣ ቤቱ ግን የማኅበሩ፦ ንግድ ለምትጀምሩ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፣

ከሠላሳ ዓመት በላይ በቆየሁበት የጥብቅና ሙያ ከተናገርኳቸው ቃላት አንዱን መልሼ መዋጥ ብችል ኖሮ፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለአንድ ዳቦ ጋጋሪ ደንበኛዬ ያልኩትን «ለይስሙላ ነው» የሚለውን ቃል እውጠው ነበር። ሰውዬው አውቶቡስ ተራ አካባቢ በአንድ ምድጃ የጀመረውን ንግድ ወደ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ሊያሳድግ ፈልጎ መጣ። ያኔ ይሠራበት የነበረው የ1952ቱ የንግድ ሕግ እንዲህ ያለ ማኅበር ቢያንስ ሁለት አባላት እንዲኖሩትና ካፒታሉም ከ15,000 ብር እንዳያንስ ያዝዝ ስለነበር፣ ብቻውን ለፍቶ ብቻውን ያደገ ነጋዴ ሁሉ ከዘመዶቹ መካከል የስም አባል ይፈልግ ነበር። ደንበኛዬም የእህቱን ባል አመጣ። ካፒታሉን እያንዳንዳቸው 1,000 ብር በሆኑ 15 ድርሻዎች ከፍለን 14ቱን ለእርሱ፣ አንዱን ለአማቹ ጻፍን። አማችየው ከኪሱ አንድ ሳንቲም አላወጣም፤ ፈረመ፣ ቡናውን ጠጥቶ ወጣ።

ንግዱ ሰመረ። ምድጃው ሦስት ሆነ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ደንበኛዬ ባለ አራት ክፍል ቤት ገዛ። ክፍያው ከማኅበሩ ሒሳብ ስለወጣ ካርታውም በማኅበሩ ስም ወጣ። ሚስቱና ልጆቹ ገቡበት፤ የኪራይ ውል የሚባል ነገር ለማንም ትዝ አላለው። ቀጥሎ የዱቄት ወፍጮ ለመትከል ማኅበሩ ከባንክ ሲበደር ያው ቤት በመያዣነት ተሰጠ። ወፍጮው ገና ተተክሎ ሳያልቅ ደንበኛዬ አረፈ።

ከአርባው በኋላ ሁለቱም ወገኖች ቢሮዬ መጡ። ወይዘሮዋ የቁልፍ ዘለላቸውን ጠረጴዛዬ ላይ አኑረው «ሃያ ዓመት የኖርኩበት ቤቴ ነው» አሉ። አማችየው የመመሥረቻ ጽሑፉን በፕላስቲክ አስለብጦ ይዞ ነበርና ስሙ ያለበትን መስመር በጣቱ እያሳየ «ከአሥራ አምስቱ አንዱ የእኔ ነው፤ ከቤቱም እንደዚያው» አለ። ሁለቱም ከልባቸው ነበር፣ ሁለቱም ግን ተሳስተው ነበር፤ ያሳሳትኳቸውም እኔ ነኝ።

አበው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። የእኛ ችግር ደግሞ በጽሑፍ ያሰፈርነው ነገር እውነቱ አለመሆኑ ነበር።

ማኅበር በንግድ መዝገብ ከገባበት ቀን ጀምሮ በሕግ ዓይን ራሱን የቻለ ሰው ነው። በስሙ ይገዛል፣ ይሸጣል፣ ይበደራል፣ ይከሳል፣ ይከሰሳል። አባሉ ያለው ድርሻ ነው፤ ድርሻ ማለት ትርፍ ሲኖር የመካፈል፣ በጉባኤ ድምፅ የመስጠት፣ ማኅበሩም ሲፈርስ ከዕዳ የተረፈውን የመከፋፈል መብት ነው። ምድጃው፣ ቤቱና በባንክ ያለው ገንዘብ የማኅበሩ ናቸው። ይህ መለያየት ነው ነጋዴውን የሚጠብቀው፤ ማኅበሩ ቢከስር ገንዘብ ጠያቂዎች የአባሉን የግል ንብረት እንዳይነኩ የሚያግዳቸው ግድግዳ፣ አባሉም የማኅበሩን ንብረት እንደ ግሉ እንዳያደርግ ያግደዋል። ብዙ ሰው የግድግዳውን አንድ ወገን ብቻ ማየት ይወዳል።

ስለዚህ ለወይዘሮዋ መንገር የነበረብኝ ነገር ከባድ ነበር። ድርሻዎቹ በትዳር ውስጥ የተገኙ የጋራ ሀብት ስለነበሩ ከ14ቱ 7ቱ የእርሳቸው፣ 7ቱ የልጆቻቸው ውርስ ሆኑ። ቤቱ ግን በውርሱ ውስጥ አልነበረም። ባንኩ በበኩሉ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 በተሰጠው ሥልጣን ፍርድ ቤት ሳይሄድ መያዣውን በሐራጅ ሊሸጥ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ልኮ ነበር። የአማችየውም ድርሻ የ1,000 ብር ጉዳይ አልነበረም፤ ማኅበሩ ዕዳውን ከፍሎ የሚተርፈው ሀብት ስንት ሚሊዮን ቢሆን ከአሥራ አምስት አንዱን የመጠየቅ መብት ነበረው። «ለይስሙላ ነው» ማለቴን የሚያስታውስ ከሟቹና ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም።

ዛሬ እናንተ ይህን ሰበብ ማቅረብ አትችሉም። አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ ባለ አንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበርን ስለፈቀደ የስም አባል ፍለጋ አማቾቻችሁን ማስቸገር ቀርቷል። ቢሆንም ብቸኛ አባል የሆነ ሰው ጠያቂ የለውምና የማኅበሩን ገንዘብ ለልጆቹ ትምህርት ቤት፣ ለሠርግና ለለቅሶ ሲያወጣ ማንም «ተው» አይለውም። የግሉን ሀብት ከማኅበሩ ሀብት ጋር የደባለቀ አባል ያ ግድግዳ ሊፈርስበት እንደሚችል አትዘንጉ። ለራሳችሁ ደመወዝ ቁረጡ፤ ከዚያ ውጭ ያለውን የማኅበሩን ገንዘብ በትርፍ ክፍፍል ወይም በብድር ውል ካልሆነ አትንኩ። አንድ ሰው ለራሱ ቃለ ጉባኤ መጻፉ የሚያስቅ ቢመስልም ጻፉት።

ከጓደኛችሁ ጋር የምትጀምሩ ደግሞ በጓደኝነት ሙቀት የኅብረት ሽርክና እንዳትመሠርቱ፤ በዚያ ዓይነት ማኅበር እያንዳንዱ አባል ለጠቅላላው ዕዳ በግል ሀብቱ ጭምር ይጠየቃል።

ስለ መሬት የምለው አጭር ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት የመሬት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ፣ «መሬት ገዛሁ» የሚል ሰው ከያዘው ቤት ወይም የሊዝ መብት ሌላ የገዛው ነገር የለም። ከመፈረማችሁ በፊት የሊዝ ዘመኑ ስንት ዓመት እንደቀረውና ያልተከፈለ የሊዝ ገንዘብ መኖር አለመኖሩን ጠይቁ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ካርታው በእርሱ ስም ብቻ መሆኑ አያጽናናችሁ፤ የቤተሰብ ሕጉ በአንዱ ስም የተመዘገበውንም ንብረት የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ አድርጎ ይገምታልና የሁለቱንም ፊርማ ያዙ።

ከዐረብ አገር ወይም ከአሜሪካ ገንዘብ እየላካችሁ በወንድማችሁ ስም ቤት የምታስገዙትን ሳስብ ሆዴ ይባባል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1195 ካርታው የወጣለት ሰው ባለቤት እንደሆነ ይገመታል፤ ገንዘቡን የላክሁት እኔ ነኝ ብሎ ያንን ግምት ማፍረስ የዓመታት ክርክር ነው። ለወንድማችሁ ውክልና ስጡትና ውሉም ካርታውም በእናንተ ስም ይሁን። ይህን ማለት ወንድምን አለማመን አይደለም፤ ወንድምም ያገባል፣ ይሞታል፣ ወራሾችም ይኖሩታል።

የዳቦ ቤቱ ነገር በእርቅ አለቀ። ሽማግሌዎች ገብተው ወፍጮው ተሸጠና የባንኩ ዕዳ ተከፈለ፤ አማችየውም ከሚገባው ያነሰ ገንዘብ ተቀብሎ ድርሻውን ለሟቹ ልጆች ሊያስተላልፍ ተስማማ። ስሙ እስኪዛወር ድረስ ግን ቤቱ ውስጥ ለሚኖሩት የኪራይ ውል ማዘጋጀት ነበረብን። ወይዘሮዋ ሥራ አስኪያጅ ሆነው ስለተሾሙ አከራይም ተከራይም ሆነው እንዳይፈርሙ፣ በጉባኤ ውሳኔ ማኅበሩን ወክሎ እንዲፈርም ሥልጣን የተሰጠው አማችየው ሆነ። እርሳቸው መነጽራቸውን አድርገው «ተከራይ» ከሚለው ቃል በታች ፈረሙ፤ እርሱም «አከራይ» ከሚለው በታች ፈርሞ የማኅበሩን ማኅተም ሲያሳርፍ ቀና ብሎ አላያቸውም።