የፍሬን ብናኝ ቸርኬ ላይ ሲጋገር

በዚህ እትም ስለ ቸርኬ ንጽሕና ከደረሱን ጥያቄዎች ብዙ አንባቢ የሚጋራቸውን መርጠን መልሰናል።

ጥያቄ፦ ቪትዝ መኪናዬን በየሳምንቱ ላቫጆ አሳጥባታለሁ። የፊት ሁለቱ ቸርኬዎች ግን ሁለት ሦስት ቀን ሳይሞላቸው ይጠቁራሉ፤ የኋላዎቹ ንጹሕ ናቸው። ፍሬኑ ተበላሽቶ ይሆን? (ከገርጂ፣ አዲስ አበባ)

መልስ፦ ሁለቱ እኩል የሚጠቁሩ ከሆነ ፍሬንዎ ደህና ሳይሆን አይቀርም። ፍሬን ሲይዙ የመኪናው ክብደት ወደ ፊት ስለሚያዘነብል አብዛኛውን የማቆም ሥራ የሚሸከመው የፊቱ ነው። በዚያ ላይ የቪትዝ የፊት ፍሬን ዲስክ ነው፤ የአብዛኞቹ የኋላ ግን ታምቡር። ዲስክ ገላጣ ስለሆነ የሚፋቀው ሁሉ ቸርኬው ላይ ይበተናል፤ ታምቡር ክዳን ስላለው ብናኙን ውስጡ ያስቀረዋል። (ታምቡር ሲከፈት የሚገኘውን ጥቁር ዱቄት መካኒኩ በኮምፕሬሰር እንዳይነፋው ይከልክሉት። አሮጌ ወይም ምንጩ ያልታወቀ የፍሬን ሸራ (ዲስኩን ወይም ታምቡሩን ፈትጎ መኪናውን የሚያቆመው) አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል፤ በውኃ አርሶ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ነው።)

ይህ ብናኝ ከመንገድ አቧራ የሚለየው ብረት ስላለበት ነው። ከሸራው ግራፋይት፣ ሙጫና የብረት ጭረት ይወጣል፤ ከዲስኩ ደግሞ ደቃቅ ብረት ይፋቃል። ሲበተን ትኩስ ስለሆነ የቸርኬውን ቫርኒሽ ነክሶ ይቀመጣል፤ ጤዛ ወይም ዝናብ ሲያገኘው እዚያው ይዝጋል። በሳምንቱ በሳሙና የሚለቅ ጥቁረት፣ ክረምቱን ሙሉ ከተተወ ሳሙና የማይነካው ቡናማ ነጠብጣብ ይሆናል። ስለዚህ በየሳምንቱ ማሳጠብዎ ትክክል ነው፤ ለስላሳ ሳሙና ቶሎ ቶሎ መጠቀም ኃይለኛ ኬሚካል አልፎ አልፎ ከማፍሰስ ይሻላል።

አንድ ነገር ግን ልማድ ያድርጉት፤ ላቫጆ ከመግባትዎ በፊት ቸርኬዎቹን ግራና ቀኝ ያስተያዩ። አንደኛው የፊት ቸርኬ ከሌላው ጎልቶ ከጠቆረ በዚያ በኩል ሸራው ዲስኩን አልለቅ ብሏል ማለት ሊሆን ይችላል። ፍሬን እምብዛም ሳይነኩ አሥር ደቂቃ ያህል ነድተው ይቁሙና መዳፍዎን ሳያስነኩ ወደ ሁለቱም ቸርኬዎች ያስጠጉ። ጥቁሩ በግልጽ የሚግል ከሆነ ወደ ጋራዥ ይውሰዱት። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የካሊፐሩ (ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) ተንሸራታች ፒኖች ግሪስ ደርቆ መያዛቸው ወይም የፒስተኑ መከለያ ጎማ ተቀዶ ፒስተኑ መዛጉ ነው። ፒኖቹ ወልቀው ተጠርገው ለፍሬን የተሠራ የሲሊኮን ግሪስ ይቀባሉ። ተራ ግሪስ ጎማውን አሳብጦ ችግሩን ይመልሰዋል። እግረ መንገዱን ሸራውን ያስለኩ፤ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ከደረሰ ይቀየር፤ ሲቀየርም የግራና የቀኙ አብሮ ነው።

ጥያቄ፦ የማሳጥብበት ቦታ ልጆቹ ቸርኬውን በበረኪናና በኦሞ፣ አንዳንዴም በነጭ ጋዝ ያጸዱልኛል። ሲጨርሱ ያበራል፤ ነገር ግን ከጥቂት ወራት ወዲህ የአልሙኒየም ቸርኬው ነጫጭ ነጠብጣብ አወጣ። (ከአዳማ)

መልስ፦ አልሙኒየም በረኪና አይወድም። ጠጠር ቫርኒሹን በጫረበት ቦታ ሁሉ በረኪናው ሥር ገብቶ ብረቱን ይበላል፤ ነጩ ነጠብጣብ እሱ ነው። ኦሞም ለጨርቅ እንጂ ለቫርኒሽ አልተሠራም። ነጭ ጋዝ የሚያበራው ቅባት ትቶ ስለሚሄድ ነው፤ ያ ቅባት በማግስቱ አዲስ ብናኝ ይሰበስባል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ዲስኩና ሸራው ላይ የደረሰ እንደሆነ ነው፤ ፍሬን ይንሸራተታል፣ ቅባት የጠጣ ሸራም ከመቀየር በቀር መድኃኒት የለውም። የጎማ ማብረቂያንም በዚሁ ምክንያት ቸርኬው ላይ አይርጩ፤ በጨርቅ አድርገው ጎማውን ብቻ ይቀቡ።

የሚሻለው አሠራር እነሆ። ከጉዞ በኋላ ቸርኬው ግማሽ ሰዓት ያህል በጥላ ይቀዝቅዝ። ትኩስ ዲስክ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰስ ዲስኩን ሊያጣምመው ይችላል፤ ሳሙናውም ሳይሠራ ይደርቃል። 5 ሊትር ውኃ በሚይዝ ባልዲ ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን የመኪና ሻምፖ ይበጥብጡ። ባልዲውና ስፖንጁ ለቸርኬ ብቻ ይሁኑ፤ የብረት ብናኝ የያዘ ስፖንጅ ኮፈኑን አንዴ ቢነካው ቀለሙን በቀጭን ጭረት ይሞላዋል። መጀመሪያ በጎማ ቧንቧ ከላይ ወደ ታች፣ በቸርኬው ክንዶች መካከልም ወደ ውስጥ ውኃ ለቀው ላላውን ያውርዱ። ከዚያ ፊቱን በለስላሳ ብሩሽ፣ የክንዶቹን ጎን በቀጭኑ፣ የቡሎን ጉድጓዶቹን ደግሞ በአሮጌ የቀለም ብሩሽ ይሹ። የድስት ሽቦ በጭራሽ አይጠቀሙ። አንዱን አጥበው፣ ሳሙናው ሳይደርቅ አለቅልቀው ወደ ሌላው ይለፉ። በመጨረሻም በጨርቅ ያድርቁ፤ በተለይ ጨዋማ የጉድጓድ ውኃ ባለበት አካባቢ የደረቀ ጠብታ ነጭ ምልክት ይተዋል።

ከታጠበ በኋላ ዲስኩ እርጥብ ስለሆነ የመጀመሪያው ፍሬን ዘግይቶ ይይዛል። ግቢ ውስጥ ወይም ጭር ባለ መንገድ ቀስ እያሉ ፍሬኑን ደጋግመው ይርገጡት። አድሮ ዲስኩ ላይ ብርቱካንማ ዝገት ቢያዩም አይደንግጡ፤ ጥቂት ሲነዱ ይፋቃል።

ውስጠኛው ጎን የሚጸዳው ጎማ ሲዘዋወር፣ ማለትም በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ ገደማ፣ ቸርኬው ወልቆ ነው። የተጋገረ ጭቃና ብናኝ ባላንሱን አዛብቶ መሪ ያንቀጠቅጣል። ውስጥ የተለጠፉትን የባላንስ ክብደቶች ግን አይፋቁ። ሲመለስ ቡሎኖቹ በመስቀለኛ ተራ ይጠበቁ፤ ለኮሮላና ለቪትዝ ልኩ 103 ኒውተን ሜትር ነው። 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከነዱ በኋላ እንደገና ይፈተሽ።

እስካሁን የወጣው ነጭ ነጠብጣብ በእጥበት አይሄድም። ቫርኒሹ ተነሥቶ፣ ብረቱ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ፣ ዳግም መቀባት አለበት።

ጥያቄ፦ ቢኤምደብሊው እነዳለሁ። ቸርኬው ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ተጣብቋል፤ ሳሙና አልነካውም። ሴራሚክ ሸራ ባስገባስ? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ እዚያ የመኪና ዕቃ መደብሮች የሚሸጡትን የብረት ብናኝ ማስለቀቂያ ይግዙ። በቀዘቀዘና ደረቅ ቸርኬ ላይ ይረጩ፤ ብረቱን ሲያገኝ ወደ ሐምራዊ ይለወጣል። የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል፤ ስለዚህ ጓንት አድርገው በአየር ላይ ይሥሩ። ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይቆይ፣ ግን አይድረቅ፤ በብሩሽ ነካ ነካ አድርገው በብዙ ውኃ ያለቅልቁ። ቫርኒሽ የሌለው፣ እንዲሁ የተወለወለ አልሙኒየም ከሆነ አስቀድመው በማይታይ ጥግ ይሞክሩት። የሚቀረውን ክሌይ ባር (የተጣበቀ ቆሻሻ የሚያነሣ ጭቃ መሰል ለስላሳ ቁራጭ) በሳሙና ውኃ እያንሸራተቱ ያነሣሉ። ወዲያው ሲደርቅ ስስ የሰም ሽፋን ይቀቡት፤ ቀጣዩ ብናኝ በውኃና በሻምፖ ብቻ ይወርዳል። ሰሙን በየሁለት ሦስት ወሩ ያድሱት፤ በበረዶው ወራት መንገድ ላይ የሚበተነው ጨውም ቫርኒሹን እንዳይበላ ይከላከላል።

ሴራሚክን በተመለከተ፦ አዎ፣ ብናኙ ያነሰና ቀለሙ የነጣ ነው። የጀርመን መኪኖች ከፋብሪካ የሚወጡበት ሸራ ብረት ያለበትና አጥብቆ የሚይዝ ስለሆነ በጣም ያጠቁራል። ሴራሚክ ሲቀዘቅዝ አያያዙ ለዘብ ሊል ይችላል፤ ለከተማ መንዳት ግን ይበቃል። ለመኪናዎ ሞዴል የተሠራውን ይምረጡ እንጂ በርካሽ አይሸነገሉ።

ጥያቄ፦ የኤሌክትሪክ መኪናዬ ቸርኬ አይጠቁርም፤ ዲስኩ ግን ይዝጋል። (ከሲኤምሲ፣ አዲስ አበባ)

መልስ፦ የፍጥነት ፔዳሉን ሲለቁ ሞተሩ ራሱ መኪናውን እያዘገመ ባትሪ ስለሚሞላ ሸራው ዲስኩን እምብዛም አይነካውም። (አውሮፓ በዩሮ 7 የመኪና ብክለት ደንብ የፍሬን ብናኝን ስትገድብ ለኤሌክትሪክ መኪና በኪሎ ሜትር 3 ሚሊ ግራም፣ ለአብዛኞቹ ሌሎች መኪኖች 7 ሚሊ ግራም ብላ የለየችው ለዚህ ነው።) በሳምንት አንዴ ከኋላ መኪና በሌለበት ቀጥ ያለ መንገድ ከ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ጀምሮ ጠንከር አድርገው ጥቂት ጊዜ ይያዙ፤ ዝገቱ ይጠረጋል።

ጥያቄ፦ ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ ስወርድ ቸርኬዎቹ አመድ መሰሉ፤ ፍሬኑም ሸተተ። (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ቁልቁለቱን በፍሬን ብቻ ስለወረዱት ነው። ገና ከአፋፉ በሁለተኛ ማርሽ፣ አውቶማቲክ ከሆነ በ«2» ወይም በ«ኤል» ይውረዱ፤ ፍሬኑን አጥብቀው ይዘው ፍጥነቱ ሲቀንስ ሙሉ በሙሉ ይልቀቁት እንጂ እግርዎን ጭነው አይውረዱ። ከሸተተ ደህና ቦታ ይቁሙ፤ ጎማው ሥር ድንጋይ ያድርጉ፤ ውኃ ሳያፈሱ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ። ሲነሡ ድንጋዩን ከመንገዱ ያንሡ፤ ቀጥሎም የፍሬን ዘይቱና ሸራው ይታዩ።