መስመር፣ ጨረር፣ ቁራጭ መስመር፦ ያልገባችሁን ጠይቁ

መምህሩ፦ እስኪ ጀምሩ። ብቻ የነጥቦቹን መጠሪያ ፊደሎች ጻፉልኝ። «ሥዕሉ ላይ ያለው ነገር» ለሚል ጥያቄ መልስ የለኝም።

ጀማሪ፦ የሦስቱ ልዩነት ምንድን ነው?

መምህሩ፦ ጫፍ ቁጠር። ቁራጭ መስመር ሁለት፣ ጨረር አንድ፣ መስመር ምንም።

የልጅ እናት፦ መምህር፣ ልጄ ፈተና ላይ «ጨረር ለሀ» ብሎ ጻፈ። መልሱ «ጨረር ሀለ» ነው ተብሎ ኤክስ ተደረገበት። ፊደል መገልበጥ ይህን ያህል ያስቀጣል?

መምህሩ፦ ያስቀጣል እንጂ! ወረቀት ያውጡ። ሀን በግራ፣ ለን በቀኝ ያስቀምጡ። ጨረር ሀለ ከሀ ተነስቶ ለን አልፎ ወደ ቀኝ ይነጉዳል። ጨረር ለሀ ደግሞ ከለ ተነስቶ ሀን አልፎ ወደ ግራ። የሚጋሩት መሐል ያለችውን ቁራጭ ብቻ ነው። አሁን ከለ በስተቀኝ መን ይጨምሩ። ጨረር ሀለ እና ጨረር ሀመ አንድ ናቸው! ሁለተኛው ፊደል መንገድ ጠቋሚ ነው፤ መነሻውን ግን የሚነካው የለም። ቁራጭ መስመርና መስመር ላይ ቢገለብጡት ግድ የለም። ጨረር ላይ መነሻው ይቅደም።

እርሳስ፦ መስመር ላይ ሀ፣ ለ፣ መ፣ ረ ቢኖሩ ስንት ቁራጭ መስመር ይወጣል? እኔ 3 አልኩ።

መምህሩ፦ 6። ጎረቤታሞቹን ብቻ ቆጠርክ። ሀመ፣ ሀረ፣ ለረ የት ሄዱ? ጨረር ቢሉህ 8 ነው፤ ከእያንዳንዱ ነጥብ አንድ ወደ ግራ፣ አንድ ወደ ቀኝ። ከሀ ወደ ግራና ከረ ወደ ቀኝ የሚሄዱት በእነዚህ ፊደሎች አይሰየሙም፤ ግን አሉ።

ማስመሪያ፦ ጨረር የመስመር ግማሽ ነው አይደል?

ኩርባ፦ ማለቂያ የሌለው ነገር ምን ግማሽ አለው?

ማስመሪያ፦ አንድ ነጥብ ለሁለት ይከፍለዋል። አለቀ።

ኩርባ፦ ነጥቡን 5 ሳንቲ ሜትር ወደ ቀኝ ግፋው። አሁንም እኩል ናቸው?

ማስመሪያ፦ አንተ ደግሞ ነገር ትወዳለህ።

መምህሩ፦ ተዉ እንጂ! «ግማሽ» እዚህ ጋ ወገን ማለት ነው፤ በሜትር የሚካፈል የለም። መካከለኛ ነጥብ ያለው ቁራጭ መስመር ብቻ ነው።

እርሳስ፦ ታዲያ ማለቂያ የሌለው መስመር እንዴት ይሳላል?

መምህሩ፦ አይሳልም። የምትስለው ቁራጩን ነው፤ ቀስቶቹ «ይቀጥላል» ይላሉ። የጥንቱ ግሪካዊ የጂኦሜትሪ ሊቅ ዩክሊድም ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት ገደማ ከቁራጩ ነው የተነሳው፤ እንደልብ ማራዘም ይቻላል ብሎ ደነገገ።

አዲስ ገቢ፦ ሰላም፣ የሦስቱ ልዩነት ምንድን ነው?

መምህሩ፦ ወደ ላይ አንብብ።

ኩርባ፦ የፀሐይ ጨረርስ?

መምህሩ፦ ግድግዳ ያስቆመዋል። የኛን የሚያስቆመው የለም።

አዲስ ገቢ፦ ጨረር ሀለ 7 ሳንቲ ሜትር ቢሆን...

መምህሩ፦ ጨረር ርዝመት የለውም! ቁራጩን ማለትህ ነው።

የልጅ እናት፦ መምህር፣ ልጄ «ሥዕሉ ላይ ቀስቱ በሀ በኩል ነው» እያለ ያለቅሳል።

መምህሩ፦ ጫፏ ነጥብስ?

የልጅ እናት፦ ለ ላይ ናት።

መምህሩ፦ እንዴ! ልጁ ልክ ነዋ። ነገ ወረቀቱን ይዞ ይሂድ።